ትራኦሬ ያልመለሰው ስድብ

ወንድሜ ንጎሎ፣ ብዕሩን የያዘችው የስልክ ካርድ የሸጠችልኝ ሴትዮ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የዲያራው ነው። አቢጃን ገብቼ ልጄ ሞሎ ከመጥፋቱ በፊት ያረፈበትን ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ከትራኦሬ ወገን ነው። የእነሱና የእኛ የዲያራዎች ሰላምታ ስድብ አይደል? «አንተ ባቄላ በሊታ! ልጄንም ከባቄላህ ጋር ዋጥከው እንዴ?» አልኩት። አገራችን ሴጉ ቢሆን እስከ ሰባት ቤቴ ድረስ ይሰድበኝ ነበር። ይሄ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «አባባ፣ ውሃ ይጠጡ፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለኝ። አንቱ አለኝ፣ ንጎሎ! ትራኦሬ ዲያራን! ስድቡ የሚቀረው ሐዘንተኛ ፊት ብቻ አይደል?

ውሃውን አልነካሁም። እንደ ወንድም እስኪሰድበኝ ድረስ ከደጁ አልነሳም። ለሞሎ እናት ሰላም በልልኝ፤ የሙት ሰደቃ እንዳታወጣ። ለሽማግሌዎቹም ሰላም በል።

በይ እህቴ፣ አንብቢልኝ፤ ልመና የሚመስል ቃል ካለበት ሰርዢው።