ሽቅብ የሚፈሰው ወንዝ

ሐምሌ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ አውሮራ

እስክሪብቶውን የያዘችው ልጄ ሂሩት ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ቅዳሜ ውቅያኖስ ዳር ወዳለችው ኦሪገን ሄደን፣ ባሕሩ ሲሞላ ሽቅብ በሚፈስ ወንዝ ላይ ካያክ የሚሏትን ጠባብ ታንኳ እንቀዝፋለን። ጣና ላይ ታንኳ ስቀዝፍ ያደግሁ ነኝና መሪው እኔ ነኝ። ሂሩት ከኢንተርኔት አይታ «ውሃው በአራት ሰዓት ሽቅብ ይዞራል» ስላለችኝ፣ ጠዋት በአራት ሰዓት እንገባለን ብዬ ቆረጥኩ።

ዛሬ የምጽዋው ጓደኛዬ ተስፋይ ይህን ሲሰማ በሳቅ ሞተ።

«አንተ ሰውዬ፣ በፈረንጅ ሰዓት እኮ ነው! በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጠዋት ከገባን ውሃው ቁልቁል ጠርጎ ጃፓን ያደርሰናል።»

«ጣና እንዲህ ያለ አመል የለውም» አልኩት።

«እንግዲያው ጋሼ ተስፋይ ይምሩን፣ አባዬ» አለች ሂሩት።

እሺ አልኩ፤ የፊተኛው መቀመጫ ግን የእኔ ነው። በይ ሂሩት፣ አንብቢልኝ። «ተሳሳተ» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ አሁኑኑ ሰርዢው።