የአርባ ሰባት ቁጥር ሳጥን ማኅተም

ቀን፦ ጃንዋሪ 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.)

ለፑንታ ሴካ ማዘጋጃ ቤት የሸማቾች አቤቱታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፑንታ ሴካ፣ ስፔን

አመልካች፦ ሲብረን ቴርፕስትራ፣ የኔዘርላንድ ዜጋ፣ ዕድሜ 74፣ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ
አድራሻ፦ የባሕር ዳር የካራቫን ካምፕ፣ ቦታ ቁጥር 47

ጉዳዩ፦ በራሴ ክስ ምክንያት የታሸገው የመብራት ሳጥን እንዲከፈትልኝና ክሱን እንድተው እንዲፈቀድልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጽሕፈት ቤትዎ ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ክስ ነበር፤ ሁለተኛው ክሱን ትቻለሁ የሚል ነበር፤ ይህኛው ልመና ነው። በመጀመሪያው የኮራሁትን ያህል በዚህኛው አፍሬ እንደምጽፍ ከወዲሁ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

1. እኔና ባለቤቴ ፍራውከ ካራቫናችንን ከመኪናችን ኋላ አስረን የብርዱን ወራት በስፔን ጠረፍ ማሳለፍ ከጀመርን ዘንድሮ ሃያ ዓመታችን ነው። አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያረፍነው ሌላ ካምፕ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ የመብራት ዋጋ ከቦታ ኪራዩ ጋር አብሮ ይከፈል ነበር። ያ ካምፕ በመሸጡ ባለፈው ኖቬምበር ወደዚህ መጣን። ኪራዩን ጠየቅኩ፤ በወር 330 ዩሮ አሉኝ፤ መብራቱን አልጠየቅኩም። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ እንግዳ መብራት በቆጣሪ እንደሚከፍል ውሉ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድንበር ስለካ የኖርኩ ሰው አንድ ወረቀት ሳልገለብጥ ፈረምኩ።

2. በዲሴምበር መጨረሻ 214 ዩሮ የመብራት ሒሳብ መጣብኝ። ደሜ ፈላ። ያለን አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት አምፖልና አንድ የውሃ ማፍያ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ በቀን ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ቆጣሪው ግን ወደ አሥራ ሁለት ይላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደሌለን እምልልዎ ነበር። በእኛ አገር ሰው በረደኝ ሲል ሹራብ ደርብ ይባላል። አባቴ ለእናቴ ሲሉ የሰማሁትን እኔም ለፍራውከ አርባ ስድስት ዓመት ስል ኖሬአለሁ። ሳንባዋን ከታመመች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ያንን እያወቅኩም ቢሆን አላቆምኩም።

3. የካምፑን ባለቤት ዶን ኤውሴቢዮን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ቆጣሪ አይዋሽም አሉኝ። ቆጣሪ ባይዋሽ ባለቆጣሪ ይዋሻል ብዬ መለስኩላቸው፤ ሰው ፊት ነበር ያልኩት። ጎረቤታችን ሃርም፣ እሱም የአገሬ ሰው ነው፣ ነገሩን እንድተወው መክሮኝ ነበር። የስንት ቢራ ዋጋ ናት ይቺ፣ ዝም ብለህ ክፈልና የብረት ኳስህን ተጫወት አለኝ። እኔ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ሳይሆን የእውነት ነው አልኩት። ጃንዋሪ 8 ቀን ክሴን አቀረብኩ። «ሌባ» የሚለው ቃል ክሱ ውስጥ ሁለት ቦታ ይገኛል። ሁለቱንም ቦታ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

4. ጃንዋሪ 15 ቀን ተቆጣጣሪዎ ሴኞር ኦርዱኛ መጡ። ቆጣሪው ለምርመራ ተነቅሎ እንዲወሰድና ውሳኔ እስኪሰጥ የመብራት ሳጥኑ ታሽጎ መብራታችን ተቋርጦ እንዲቆይ እፈርም እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ፈረምኩ። ማኅተሙን ሲያደርጉም ዶን ኤውሴቢዮ እንዲሰሙልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አመሰገንኳቸው። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ለእኔም አዝነው ይመስለኛል፣ ቆጣሪው በየሰዓቱ የመዘገበውን በወረቀት አትመው ሰጡኝ። በዚያ ወረቀት ላይ መብራቱ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት፣ ከዚያም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያሻቅባል። በቀረው ጊዜ እኔ ካሰላሁት ፈቅ አይልም። እነዚያ ሰዓቶች እኔ ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ካምፑ ሜዳ ላይ የብረት ኳስ እየወረወርኩ የምጫወትባቸው ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ካራቫናችን ገባሁና ሌባውን ያዝኩት አልኳት። ይህ ሽማግሌ እኔ ከቤት የምወጣበትን ሰዓት እየጠበቀ ነው የሚሰርቀን አልኳት። ፍራውከ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር፣ ከካራቫኑ ፊት የምንተክለውን ድንኳን ብረቶች ከምናስቀምጥበት፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ማሞቂያ አወጣች። ከከተማው ርካሽ ሱቅ በአሥራ አምስት ዩሮ ገዝታዋለች።

«አንተ ስትወጣ አበራዋለሁ፣ ስትመለስ አጠፋዋለሁ» አለችኝ። «ከአንተ ጋር ከመከራከር መብረድ ይሻላል እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ ዘንድሮ ግን አልቻልኩም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ከእኔ ጡረታ ላይ ቁረጠው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሌባ ያልኳት የገዛ ሚስቴን ነው፤ ሌባ ያደረግኳትም እኔው ነኝ። አርባ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት፣ ሙቀት እንደ ሰው ዕቃ ተደብቃ ስትወስድ፣ እኔ አሥር እርምጃ ርቄ በብረት ኳስ ነጥብ እቆጥር ነበር። ይህን ለጽሕፈት ቤት መጻፍ ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምጽፍበት ቦታ አጣሁ።

5. በማግሥቱ ጠዋት የጽሕፈት ቤታችሁ መስኮት ሳይከፈት ቀድሜ ደረስኩ። ክሱን ትቻለሁ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ሳጥኑን ክፈቱልኝ አልኩ። በመስኮቱ ያሉት ወይዘሮ በትሕትና ነው ያስረዱኝ። ቆጣሪው ላቦራቶሪ ገብቷል፤ ላቦራቶሪው ሳይመልስ መዝገብ አይዘጋም፤ መዝገብ ሳይዘጋ ማኅተም አይነሣም፤ ጊዜው ስልሳ የሥራ ቀን ነው። የተውኩበትን ማመልከቻ ተቀብለው መዝገቡ ላይ አያይዘውልኛል። ወደ ኤፕሪል መግቢያ ተመልሰው ይምጡ አሉኝ።

6. ጃንዋሪ 19 ቀን ሐኪሟ ካራቫኑ ድረስ መጥታ አየቻት። እኔን ውጭ ጠርታ፣ ከፌብሩዋሪ የምታልፍ አይመስለኝም አለችኝ። አገሯ ልውሰዳት ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ መንገዱን አትችለውም አለች። ሐኪሟ የሰጠችን ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ እንዳይበርዳት። የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ ለሳንባዋ ስለማይሆን ከለከለችን።

7. ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ሁሉ ላስረዳ፣ አልሞከረም እንዳይሉኝ። ዶን ኤውሴቢዮ ዘንድ ሄጄ ሒሳቡን እስከ ሳንቲሙ ከፍዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «በጽሑፍ ሌባ ብለኸኝ በቃል ይቅርታ ትለኛለህ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ግልባጩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ማታ ግን ባለቤታቸው ትኩስ የምስር ወጥ በድስት ይዘው መጡ፣ ሁለት ብርድ ልብስም ጨመሩልን። ሌላ ቦታ እንዲሰጡኝ ስለምናቸው ካምፑ ሙሉ መሆኑን መዝገባቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ማኅተሙን ደግሞ እሳቸው ቢነኩት ፈቃዳቸውን ይነጠቃሉ። ሃርም ከራሱ ሳጥን ገመድ ስቦ ሰጠን። ማሞቂያችንና የእሱ ምድጃ አንድ ላይ ሲበሩ መብራቱ ለአራት ካራቫን ጠፋ፤ ለሁለት ቀን ጎረቤቶቻችን ምድጃቸውን ሳያበሩ ቀዝቃዛ እየበሉ አሞቁን። በሦስተኛው ቀን ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው፣ በታሸገ ቦታ ላይ መብራት ማስገባት ክልክል ነው ብሎ ገመዱን አስነቀለው። እሱም ሥራው ነው፣ አልቀየምኩትም።

ሆቴል ውሰዳት የሚሉኝ አሉ። ጠየቅኳት። የማላውቀው አልጋ ላይ አልሞትም አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመት እሺ ስትለኝ ስለኖረች በዚህ አንድ ነገር ላከራክራት ድፍረቱ የለኝም። ሌሊት ጎኗ ተኝቼ በሰውነቴ ላሞቃት እሞክራለሁ፤ እኔ ራሴ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙም ሙቀት የለኝም። በረደሽ ወይ ስላት አልበረደኝም ትላለች። እንዴት ልመናት? አልበረደኝም ማለት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

8. ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው፦

ሀ) ክሱን እንድተው እንዲፈቀድልኝ፣ ዶን ኤውሴቢዮም ከጥፋት ነጻ መሆናቸው በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) ለላቦራቶሪው፣ ለቆጣሪውና ለተቆጣጣሪው ድካም የሚታሰበውን ሁሉ እኔ እንድከፍል፣ ቅጣትም ካለ በእኔ ላይ እንዲሆን፤

ሐ) የ47 ቁጥር ሳጥን ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲከፈት። ቆጣሪ ባይኖረው የፈለጉትን ያህል ያስከፍሉኝ፤ አልቆጥርም።

የጽሕፈት ቤቱን ደንብ አላማርርም። እኔ ራሴ ደንብ ወዳጅ ነኝ፤ እዚህ ያደረሰኝም እሱ ነው። ማመልከቻዎች የሚነበቡት በገቡበት ተራ እንደሆነና የእኔ ተራ 131ኛ እንደሆነ በመስኮቱ ያሉት ወይዘሮ ነግረውኛል። ከፊቴ ያሉት ሰዎችም ችግር ባይኖርባቸው አይጽፉም ነበር። በዕድሜዬ ተራ ዘልዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ከሁሉም በፊት ይህን ያንብቡልኝ ብዬ እለምናለሁ። ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ሳይሆን ሳልለምን እንዳልቀር ነው።

ይህ ደብዳቤ ተራው ደርሶ የሚነበብ ከሆነ ግን፣ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው በመላክ አይድከሙ። ያኔ ካራቫኑ ውስጥ የምኖረው እኔ ብቻዬን ነኝ፤ መብራቱም አያስፈልገኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሲብረን ቴርፕስትራ

አባሪ፦ ለዶን ኤውሴቢዮ የተጻፈ ይቅርታ 1 ገጽ፣ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ