የታወቀ ሰው ነው

ውድ ጋሽ ሞላ፣

እንዴት ሰነበቱ? ባንኩን ከለቀቁ ወዲህ ጡረታው ተስማማዎት? ድንቹስ እንዴት ያዘ? ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ድንች ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍሁ።

ደረጄ ባለፈው ሳምንት በፖሊስ መያዙን ሰምተዋል። ያልሰሙት፣ ያሳወቅሁት እኔ መሆኔን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። እኛና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወንጀል ገንዘብ በባንክ በኩል እንዳያልፍ ምን ያህል እንደምንጠነቀቅ እርስ በርስ እንፈታተሻለን፤ ዛሬ እነሱ እኛን ያያሉ፣ ነገ እኛ እነሱን እናያለን። ገምጋሚዎቹ አዲስ አበባ ላይ ይቀራሉ ስንል ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። በእርስዎ ቦታ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ግድግዳ አስቀባ። እነሱ ግን ግድግዳውን ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩ አሥር ፋይል በዕጣ አወጡ።

አንደኛዋ የዛምቢያ ሴት ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ጎልማሳ። የደረጄን ፋይል ከፍታ፣ «የገንዘቡ ምንጭ» ከሚለው ፊት ለፊት በእርስዎ እጅ የተጻፈውን በአስተርጓሚ አስነበበች። «የታወቀ ሰው ነው» ይላል።

«በማን የታወቀ?» አለችኝ።

«በሁላችንም» አልኋት። እውነቴን ነበር። የከብት ነጋዴ፣ የማኅበራችን አባል፣ ልጅዎን ክርስትና ያነሳ አበልጅዎ።

አልሳቀችም። «እኛም አገር እንዲሁ እንጽፍ ነበር። ጎረቤቶቻችን መጥተው ሲገመግሙን እኔም ይህንኑ ተጠይቄአለሁ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደሄዱ ሒሳቡን ወደኋላ ገለበጥሁት። የከብት ነጋዴ ብር የሚገባው በገበያ ቀን ነው። ለእሱ ግን ከአንበሳሜ፣ ከይፋግ፣ ከዚሁ ከደብረ ታቦርም፣ ከብት ሸጠውም ገዝተውም ከማያውቁ ሰዎች ይገባል፤ በማግስቱ ይወጣል። ከአስገቢዎቹ አንዷ እህትዎ እቴነሽ ናቸው።

አጠራጣሪ ገንዘብ ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጽፌ ላክሁ። አዲስ አበባ ላይ ከሌላ አገር ከመጣ መረጃ ጋር ሲያገጣጥሙት፣ በመተማ በኩል የሄዱ ልጆችን ሊቢያ ውስጥ አግተው ቤተሰብ የሚያስከፍሉ ሰዎች ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ተቀባያቸው ደረጄ ነበር። እቴነሽም የከፈሉት ለልጃቸው ነው፤ አጋቾቹ «ለሰው ብትናገሪ እንገድለዋለን» ስላሏቸው ለእርስዎም አልነገሩም።

እኔም ደረጄ እስኪያዝ ለማንም እንዳልናገር ሕጉ ይከለክለኝ ነበር። በጥር ሚካኤል ማኅበር በእርስዎና በደረጄ መካከል ተቀምጬ ጠላ ጠጣሁ። «ፈረንጆቹ ምን አሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ኧረ ፈረንጅ አይደሉም!» ብዬ አሳቅሁዎት። እሱም አብሮ ሳቀ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

በእርስዎ ልፈርድ አይደለም የጻፍሁት። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያሉ ያስቁን ነበር። ሥራውን የተማርሁት ከእርስዎ ነው፤ ይሉኝታውንም እንዲሁ። መርማሪው ሲጠራዎት «ጽሑፉ የእኔ ነው» ይበሉ። እኔም የራሴን ጥፋት እናገራለሁ፤ የእቴነሽን ብር በመስኮት የተቀበልሁት እኔ ነኝና።

ማክሰኞ ዕለት እቴነሽ የደረጄን መያዝ ሰምተው ቅርንጫፍ መጥተው ነበር። ያ ሁሉ ብር ተከፍሎም ልጃቸው እስካሁን ድምፁ የለም። መስኮቱ ጋ ቆሙና እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ያን ለት ብሩን ስትቀበይኝ አልለቅ ብዬ መያዜን አይተሻል። ‹ምን ሆነው ነው?› ብትይኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

አይቼ ነበር፣ ጋሽ ሞላ። የእርስዎ እህት ስለሆኑ ነው ያልጠየቅኋቸው።

እባክዎ ሄደው ይዩዋቸው። ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ካልፈቀዱም ብቻዬን እሄዳለሁ።

ያስተማሩኝ ልጅዎ፣
ሰላማዊት
ደብረ ታቦር