የተቋረጠው ምርቃት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ያቺ ቀበጥ ልጅህስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም እንደ አያቷ በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ደግሞ በስልክ እንደምለው ዓይነት ደህና አይደለም፣ የእውነቱን ነው። ይህን ስጽፍልህ እማዬ ከፊቴ ተቀምጣ፣ ትናንት የሰፋሁት መጋረጃ ጠርዙ ጠማማ ነው እያለች ትነዘንዘኛለች። ከዚህ የበለጠ የጤና ምልክት አታገኝም።

በስልክ “ሆስፒታል ገብታ ነበር፣ ተሽሏታል፣ አትጨነቅ” ብዬ የዘጋሁብህ ሆን ብዬ ነው። እዚያ ሆነህ እንቅልፍ ከማጣት በቀር ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው። አሁን ግን ሐኪሟ በራሷ አንደበት “አስጊው ጊዜ አልፏል” ስላለችን፣ የሥራ ባልደረባህም ሰኞ ወደዚያ ስለሚመለስ፣ ሙሉውን በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ተረጋግተህ አንብበው።

እንደምታውቀው እማዬ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ከተሰበረ ወዲህ፣ እግሯ በጀሶ ታስሮ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አትነሳም ነበር። እባክሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ ስንላት “እናንተን ያሳደግኩት ቆሜ ነው፣ አሁን ልቀመጥበት” ትለናለች። ባለቤቴ ደግሞ አማት አክባሪ ነኝ ብሎ ውሃውንም መነጽሯንም እጇ ድረስ ያቀርብላታል። ያ ሁሉ መቀመጥ እግሯ ውስጥ ምን እያጠራቀመ እንደነበር ማናችንም አላወቅንም።

ከዚያ እሑድ ከምሳ በኋላ አንተ ደወልክ። እማዬ ስልክ ልትዘጋ ስትል የምታወርደውን ምርቃት ርዝመቱን ታውቀዋለህ። “ባለቤቴ ምርቃቱ ሲጀመር ሩዝ ትጥዳለች፣ ሲያልቅ ታወጣለች” ብለህ ስታሾፍባት ኖረሃል። ያን ቀን ግን “እደግ፣ ተመንደግ፣ ማሙሽዬ፣ ከክፉ ይሰውርህ” አለችና “በል ቻው” ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ፀጉርህ ሸሽቶ እንኳ ማሙሽ ማለቷን አልተወችም። አንተም ወዲያው “እማዬ ምርቃቱን ለምን አሳጠረችው?” አልከኝ። እኔ “ስልኩ እንዳይቆጥርብህ አስባልህ ነዋ” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቅክም። “መሃል ላይ ትንፋሿ ቆረጥ ሲል ሰምቻለሁ፣ ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት” ብለህ ያዝከኝ። እውነቱን ልንገርህና ተናድጄብህ ነበር። አጠገቧ ውዬ የማድር እኔ ያልሰማሁትን፣ አንተ ባሕር ማዶ ተቀምጠህ ሰማሁ ስትል ከነከነኝ። ጠዋት የወሰድኳትም ማታ ደግመህ እንዳትጨቀጭቀኝ ብዬ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ እማዬ እንደ ልማዷ ነገሩን አቃለለችው። “ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው” አለች። ደረቷን እንደሚወጋት ዋጥ አድርጋ አስቀረችው። የተቀበለን ወጣት ሐኪም የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደረቷን ሲቲ ስካን አዘዘላት፣ አስቸኳይ ነው ግን አላለበትም። በክንዷ ደም ሥር ፎቶውን የሚያጎላ መድኃኒት ሰጥተው አነሷትና “ውጤቱን ነገ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ” አሉን። ያን ቀን ፎቶዎቹን የምታነበው ሐኪም አንዲት ብቻ ነበረች፣ የሚጠብቃት ፎቶ ደግሞ ለጉድ ነው። የእማዬ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ እማዬ ክራንቿን ተደግፋ ስለ ታክሲ ነጂዎች ጠባይ ታማርር ነበር። ድንገት ሰማያዊ የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ሰውዬ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማው ከኋላ ቀርቶ፣ እየሮጠ መጣ። ቅድም ያነሳት የማሽኑ ባለሙያ ነው። እኔ መታወቂያ ረስተን መስሎኝ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። ለካ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼው ሲደውሉልኝ ቆይተዋል። “እናቴ፣ ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡልኝ” አላት። እማዬ በእኛ ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሺ ተብላ እምቢ ያለችው ሴትዮ፣ “አሁን ደግሞ አትንቀሳቀሺ ልባል?” እያለች ተቀመጠች።

የሆነው እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ፕሮግራም ኮምፒውተሮቹ ላይ አስገብቷል። እያንዳንዱን ፎቶ ከሐኪሟ ቀድሞ ያየዋል፣ የረጋ ደም የሚመስል ነገር ካገኘ ምልክት ያደርግበትና ከወረፋው አውጥቶ ከሁሉም በላይ ያስቀምጠዋል። የእማዬ ፎቶ በዚያ መንገድ ከመጨረሻ ተነሥቶ መጀመሪያ ሆነ። ሐኪሟ ከፍታ ስታየው እውነት ነው። ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሄዶ ሄዶ የሳንባዋ ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ተወሽቋል። በኋላ ለእኔም አሳይታኛለች። ነጭ ሆኖ በሚታየው ደም ሥር መሃል ጠቆር ያለች ነገር፣ ልክ ክር ላይ እንዳለች ቋጠሮ። ይህን ይዛ ቤት ገብታ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ፣ እስከ ነገ ብትቆይ ኖሮስ ብዬ ጠየቅኳት። “እሱን ተይው፣ አሁን እጃችን ላይ ናት” አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ማሽኑ ሁሉን አወቅ ነው እያልኩህ አይደለም። ሐኪሟ ራሷ “አንዳንዴ በሽተኛው ሲተነፍስ የተፈጠረች ጥላ አይቶ በከንቱ ያስደነግጠኛል፣ አንዳንዴም የሚያመልጠው አለ፣ ስለዚህ ሁሉንም በዓይኔ ሳላይ አልለቅም። የእናትሽን ግን እሱ ባይጠራኝ ኖሮ የምደርስባት በማግስቱ ነበር” ብላኛለች። እንዲህ ብላ የምትናገር ሐኪም በመሆኗ ይበልጥ አመንኳት።

አስተኝተው ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀመሩላት፣ ቀጥሎም ወደሚዋጠው አዞሯት። ሳምንት ሳይሞላ ትንፋሿ ተመለሰ፣ ከትንፋሿም ጋር ንዝንዟ። የነዘነዘችው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ “መጀመሪያ ያየልኝ ማን ነው? ሳልመርቀው አልወጣም።” ማሽን ነው ስንላት “ታዲያ ማሽን ጆሮ የለውም?” ብላ ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ እየሳቀች የለውም አለቻት። እማዬ ትንሽ አሰብ አደረገችና “እንግዲያው የሠሩትን ልጆች የወለዱ እናቶች አይክፋቸው” አለች። ለሐኪሟ “ዓይንሽን አይንሳሽ” አለቻት። ነጠላ ጫማውን ጥሎ ለሮጠው ሰውዬ ደግሞ “እግርህን እንቅፋት አይንካው” ብላ ጭንቅላቱን አሻሸችው። እሱ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አሁን ኪኒኗን ለወራት ሳታቋርጥ መዋጥ አለባት። ጀሶው ወልቋል፣ ጠዋትና ማታ በረንዳው ላይ ትመላለሳለች። ባለቤቴ ውሃ እንዳያቀርብላት ከልክዬዋለሁ፣ ተነሥታ ትቅዳ። ልጄ ዘብ ሆና ትጠብቃታለች፣ ስትቀመጥ ካየቻት “አያቴ፣ ወንበሩ ይረፍበት” ትላታለች።

ባለቤቴን በጣም ናፍቀኸዋል፣ ሰላም በይልኝ ብሏል። ልጄ ለአጎቷ ሰላምታ፣ ለታናሿ ደግሞ ጥርስሽ ሲበቅል ፎቶ ላኪልኝ የሚል መልእክት አላት። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ባስጨነቅኩህ ጊዜ ስለቻለችህ አመስግንልኝ። ቀበጧንም ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ብዬ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጠርዙ ጠማማ ነው እንዳለችው መጋረጃ፣ ይሄም ጎድሎታል አለችኝ። “መጀመሪያ ያወቀው ማን እንደሆነ አልጻፍሽም።” ጽፌያለሁ እኮ፣ ማሽኑ፣ ብላት “ማሽኑማ የወሰዱለትን ነው ያየው። ወደሱ ያስወሰደኝ ማን ነው?” አለችኝ። ልክ ናት፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የሰማኸው አንተ ነህ። ቀጥላ “ያን እሑድ የት ላይ ነበር ያቆምኩት?” አለችኝ። ከክፉ ይሰውርህ ላይ አልኳት። “በይ ከዚያ ቀጥዪና ጻፊ” አለች፣ እኔም እንዳለችው ጻፍኩ፦

የሄድክበት ይቅናህ። የያዝከው ይበርክትልህ። ጆሮህን እንዳዳንከኝ ያድንልህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ትዳርህን ይባርክልህ። ካገር ከወገን አይለይህ። አንተም እንደኔ ከሩቅ የሚሰማህ ልጅ አትጣ። ዕድሜና ጤና አብሮ ይስጥህ። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። አሜን በል፣ ማሙሽዬ።

ይህን ሁሉ ስትል አንዴም ትንፋሿን ለመሰብሰብ አላቆመችም። የደከመው እኔን ነው፣ እጄን።

እህትህ
ከእማዬ ባዶ ወንበር አጠገብ፣ እሷ በረንዳው ላይ ስትመላለስ
ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን