ግራ ነበርን ወይስ ቀኝ?

ቤሪሶ፣ አርጀንቲና
ጁን 22 ቀን 1995

ይድረስ ለኢላሪዮ፣

በስምህ ፊት «ውድ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ወረቀት ማባከን ነውር ነው ብዬ በዚሁ ቀጠልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈችልኝ ሴት ዛሬ ምን ነካት ትል ይሆናል። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ብርድ አይችልም። ልጃችን ሚርታ ነርስ ሆናለች፤ መልኳ አንተን፣ ምላሷ እኔን ነው።

ከትናንት ወዲያ የሰፈራችን ክበብ የንቅናቄያችን መሪ ጄኔራሉ ከስደት የተመለሱበትን ቀን አስቦ ዋለ። ከዋና ከተማ ሁለት የታሪክ ዶክተሮች አስመጥተው «ንቅናቄያችን ግራ ነበር ወይስ ቀኝ?» ብለው አከራከሩ። አቤት ወሬ! ሻርፕ የጠመጠመው፣ «የሠራተኛው ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የሴቶች የመምረጥ መብት፤ ይህ ግራ ካልሆነ ታዲያ ግራ ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው ጺሙን እያሻሸ፣ «መሪው ወታደር፣ ማኅበሩ ታዛዥ፣ ሕዝቡ አምላኪ፤ ቀኝ ነው እንጂ!» ይላል። ሰሌዳ ላይ መስመር አስምረው እኛን እንደ ካልሲ ሊያሰጡን ይጣላሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ግራ የገባቸውስ ሁለቱም ናቸው። የሥጋ ፋብሪካውን ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ እጃቸው የሕፃን እጅ ይመስላል።

የሠራተኛ ማኅበር ጓደኛህ ፋሪያስ የፊት ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ነበር። አሁን የከተማው ምክር ቤት አባል ነው። ከመጣው መንግሥት ሁሉ ጋር ስለሚበላ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር ይገባል። «እኛ ግራም ቀኝም አይደለንም፤ ሁሉንም ነን!» ብሎ አስጨበጨበ።

ከዚያ ሻርፓሙ ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ኔሊዳ፣ የሰማዕቱ እህት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ሩበን የትኛው ክንፍ ነበር?»

«ክንፍ? ወንድሜ ዶሮ መሰለህ?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ስማኝ ዶክተር። ሩበን የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ ሥጋ ፋብሪካ ቆዳ በጨው እያሸ ያድር ነበር። ጄኔራሉ የተመለሱ ዕለት ጠዋት እሱና ባሌ ከአንድ ገበታ ቁርስ በልተው ወጡ። ሁለቱም 'ጄኔራሌ' ነበር የሚሉት፤ የሚያፏጩትም አንድ መዝሙር ነበር። ሩበን ከወጣቶቹ ሰልፍ ጋር ሄደ። ባሌ የማኅበሩን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ጄኔራሉ የሚናገሩበትን መድረክ ሊጠብቅ ሄደ። ከመድረኩ ወደ ሰልፉ ተተኮሰ፤ ሩበን እዚያው ወድቆ ቀረ። ባሌ ሲመሽ መጣ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ስለ ሩበን አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። ይህንን ሰሌዳህ ላይ የት ታደርገዋለህ?»

ጺማሙ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ይህ የግል ሐዘን ነው፤ ከርእሳችን ውጭ ነው» አለ። ጥያቸው ወጣሁ።

አውቶቡስ ስጠብቅ ፋሪያስ እያለከለከ ደረሰብኝ።

«ኔሊዳ፣ ኢላሪዮ እኮ ሩበንን ከመድረኩ ላይ አይቶታል። 'አትተኩሱ፣ የሚስቴ ወንድም ነው!' እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አፉን አፍነን መሬት ላይ ያስተኛነው እኛ ነን። ትንፍሽ ብትል ቀጥሎ የምትሞተው ሚስትህ ናት ብለን ነው ወደ ስፔን የሸኘነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይዞህ ነው ያልነገርከኝ?»

«የምክር ቤት ምርጫ ነበረብኝ» አለኝ። እግዜር ያሳይህ፣ ሲናገረው እንኳ አላፈረም። አድራሻህን ግን ጽፎ ሰጠኝ።

ኢላሪዮ፣ የዚያን ዕለት ድምፅህ ተዘግቶ ነበር። ብርድ መትቶት ነው ብዬ ማር በሙቅ ውኃ በጥብጬ ሰጠሁህ። ቀና ብለህ ሳታየኝ ጠጣህ። በሳምንቱ አልጋው ባዶ ነበር።

ከእነዚያ ሰዎች ጋር እዚያ መድረክ ላይ መቆምህን ይቅር አልልም። ለእኔ መናገር መፍራትህንም። ፈሪ ነህ፤ ይህን ቃል ሚርታ ፊትም አልሰርዘውም። እሷን ግን የነፍሰ ገዳይ ልጅ ነሽ ብዬ ነው ያሳደግኋት። ነገ ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ አስቀምጫት የምነግራት አለኝ። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም።

የባሕሩን ነፋስ የሚያበርድ አምላክ አንተንም ከክፉ ይሰውርህ። እንጀራህ አይጉደል፤ ብቻህን አትታመም።

በሕግ ያልተፋታችህ ሚስትህ፣
ኔሊዳ