የኮክቴል ቀማሚው የአቶ ዳልጮ ኦይታ ኤርጫፎ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳልጮ ኦይታ ከአባታቸው ከአቶ ኦይታ ኤርጫፎና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለቴ በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ የአባታቸውም አባት ሸማኔ ነበሩ። በዶርዜ ወንድ ልጅ ሆኖ ክር ሳያጠነጥን ያደገ የለምና እሳቸውም ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ክር እያጠነጠኑ አደጉ። በልጅነታቸው ቀጫጫ፣ ጠያቂና ለፍላፊ ነበሩ። ለፍላፊነቱ እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት ታላቅ እህታቸው መምህርት ጌጤ ኦይታ ነኝ። ትናንት ማምሻውን የወንጌላውያን አጥቢያችን ሽማግሌዎች በአቶ አጵሎስ መሪነት ለቅሶ ቤት መጥተው ነበር። በጽሑፉ ላይ “የሆቴል ሠራተኛ ነበሩ” ከሚለው በቀር ስለ መጠጥ አንዲት ቃል ከተነበበ፣ መዘምራኑን ይዘው ከመቃብሩ እንደሚመለሱና ጸሎት እንደማያደርሱ ነገሩን። የባለቤታቸው የወ/ሮ ምኞት ልመና ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ እንደ ክርስቲያን በጸሎት ይቀበሩ የሚል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን ያየኸውን ጻፍ እያልኩ ስላስተማርኩ ግን ታሪኩን እንደነበረ ጽፌዋለሁ። መሄድ የሚፈልግ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ይታገስ፤ ፀሐዩ እንደሆነ ለሁላችንም እኩል ነው።

አቶ ዳልጮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶርዜ ከተከታተሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ፣ ከእኔ ዘንድ እየኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ማትሪክ ቢፈተኑም ውጤት አልመጣላቸውም። ታሪክና እንግሊዝኛ እንጂ ሒሳብ የሚባል ነገር አይገባቸውም ነበር። ከዚያም እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄደው ለተወሰኑ ዓመታት ሸማ ሠሩ። ወገባቸው እንደታመመ ነግረውን ተመለሱ። አባታችን አላመኑም፤ እኔም አላመንኩም።

በ1993 ዓ.ም. በላይኛው ከተማ፣ በሴቻ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል በሚያይ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ ቀጥሎ አስተናጋጅ ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. ባለ ሆቴሉ፣ ቱሪስቱ የለመደውን መጠጥ ጠይቆ ሲያጣ ወደ ሌላ ሆቴል ዘወር ማለቱ አንገብግቧቸው፣ አቶ ዳልጮን ለሥልጠና አዲስ አበባ ላኳቸው። ሲመለሱ በአንገታቸው ቢራቢሮ የመሰለች ጥቁር ክራባት፣ በእጃቸው ክዳን ያለው የብረት መበጥበጫ፣ በአፋቸው ደግሞ ሰምተነው የማናውቅ አገር ሁሉ ነበር። አባታችን መበጥበጫውን አገላብጠው አይተው “ሸማውን የተውከው ለዚህ ነው?” ብለው መለሱላቸው።

ኮክቴል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ለቀስተኛ ላስረዳ። ከአረቄ የማይሻል ጠንካራ መጠጥ ብቻውን አልዋጥ ሲል፣ በሎሚና በስኳር አባብለው፣ ከበረዶ ጋር በጥብጠው፣ የብርቱካን ልጣጭ ጫፉ ላይ ሰክተው ባልተገባ ዋጋ የሚሸጡት ነገር ነው። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። አቶ ዳልጮ ግን እያንዳንዱ ብርጭቆ እንደ ሰው የትውልድ ቦታና ታሪክ አለው ብለው ያምኑ ነበር። እንግዳው ወደደም ጠላም ታሪኩን ሳይተርኩ መጠጡን አይሰጡም። እኔም በእሳቸው ቤት እራት በበላሁ ቁጥር እየሰማሁ ሳልወድ በግድ አጠናሁት።

ዳይኪሪ የሚባለው የኩባ ነው አሉ። አንድ አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ እንግዶች መጥተውበት ጂኑ ሲያልቅበት ሮም የሚሉትን የአገሬውን አረቄ በሎሚና በስኳር አዋሕዶ አቀረበ። ታሪኩ ይኸው ነው። በጋሞ እንግዳ ደርሶበት ቤት ያፈራውን ያቀረበ ሰው ስንት ነው፤ ማን ጻፈለት? ኔግሮኒ ደግሞ የፍሎረንስ ነው። አንድ የጣሊያን ባላባት የለመዱት መጠጥ ቢቀልባቸው “ሶዳውን ተወውና ጂን አድርግበት” ብለው አዘዙ ይባላል። ይህን ትእዛዝ የሲቀላ ሰካራም በየማታው ይሰጣል፤ የጎደለው ባላባትነቱ ብቻ ነው። ማርጋሪታ የሜክሲኮ ናት፤ ነገር ግን የፈጠርኳት እኔ ነኝ ባዩ በየከተማው ስለበዛ አባቷ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህን ክርክር ሽማግሌ ቢቀመጥበት ይሻል ነበር። ካይፒሪኛ በብራዚል መጀመሪያ ለጉንፋን በነጭ ሽንኩርትና በማር የሚሰጥ መድኃኒት ነበር ይላሉ። ነጭ ሽንኩርቱን አውጥተው በረዶ ጨመሩበት፤ ጉንፋኑ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም።

ጂን በቶኒክ የሚሉትም አለ። በህንድ የነበሩ እንግሊዞች ለወባ የሚወስዱት ኪኒን ቢመራቸው ከጂን ጋር ቀላቀሉት። እኛ ወባ በየዓመቱ ከጫሞ ሐይቅ ዳር እየተነሳች ስታንቀጠቅጠን የኖርን ሰዎች መድኃኒታችንን በውሃ ውጠን ዝም አልን። ስም አላወጣንለትም፣ ባርም አልከፈትንበትም።

ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ግን ሲንጋፖር ስሊንግ የሚባለውን ነው። በዚያ አገር በዚያን ዘመን ሴት በአደባባይ መጠጥ ብትይዝ ነውር ስለነበር፣ አንድ የሆቴል ቀማሚ ጂኑን የፍራፍሬ ቀለም አልብሶ ሰጣቸው ይባላል። ያየ ሁሉ ጁስ የያዙ ይመስለዋል። አቶ ዳልጮ ይህን ሲተርኩ ሳቃቸው ይቀድም ነበር፤ በሴቻ ይህን መጠጥ የሚያዝዙት ሴቶቹ ሳይሆኑ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ነበሩና። “በጁስ ብርጭቆ አድርግልኝ፣ ማንጎ ሰካ አድርግበት፣ ገለባውን እንዳትረሳ” ይሏቸዋል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ዛሬ እዚህ የቆመ ካለ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እኔ ተመልክቼ ጨርሻለሁ፤ አንድም የለም።

የከተማው ወጣት ደግሞ የሚያዝዘው ቱርቦ ነበር፤ ቢራውን፣ ወይኑንና ለስላሳውን በአንድ ጆግ ደባልቆ። አቶ ዳልጮ ቱርቦ ሲያዘጋጁ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፣ ታሪክ የሌለው መጠጥ ነው እያሉ ይንቁት ነበር። ንቀት የቤተሰባችን ስለሆነ በዚህ አልወቅሳቸውም።

በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ ምኞት ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው በ1996 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ሐሴትን ወለዱ። ጥሩ ባልና ጥሩ አባት ነበሩ። ክራባቷን ግን በእሑድም አያወልቋትም ነበር፤ ይህን ወ/ሮ ምኞትም ይመሰክራሉ።

አሁን ሽማግሌዎቹ ወደፈሩት ጉዳይ እገባለሁ። አቶ ዳልጮ መጠጥ አይጠጡም ነበር። የቀመሙትን የሚፈትኑት ገለባ ነክረው፣ ላይኛውን ጫፍ በጣታቸው ደፍነው፣ አንድ ጠብታ ምላሳቸው ላይ ጠብ በማድረግ ነበር፤ እሷንም ወዲያው ይተፏታል። እንትፍ ሲሉ አይቶ የተቀየመ ፈረንጅም ነበር። ይህን ለሽማግሌዎች በትሕትና አስረድተዋል፤ የሰማቸው የለም። በ1997 ዓ.ም. አቶ አጵሎስ በጉባኤ ፊት ስማቸውን ጠርተው፣ ሥራቸውን እስኪለቁ ድረስ ከጌታ እራት እንደታገዱ አስታወቁ። አቶ ዳልጮ ልጅ የሚያሳድጉ ሰው ነበሩና ሥራውን አልለቀቁም። ቤተ ክርስቲያኑንም አልለቀቁም። በየእሑዱ መጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ጽዋው ሲደርሳቸው ከአፋቸው ሳያደርሱ ለጎረቤታቸው ያሳልፉታል።

በ2000 ዓ.ም. ለጌታ እራት የምንጠቀምበት የወይን ሽሮፕ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ቀረ። አቶ አጵሎስና ባልደረቦቻቸው ከማን አንሰን ብለው ዘቢብ ገዙ፤ በውሃ ዘፈዘፉ፤ ጣፈጥ እንዲል ስኳር ሞጀሩበት። ከዚያም በጀሪካን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ከጽሕፈት ቤቱ ቆርቆሮ ሥር አሳደሩት፤ አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ሳምንቱን ሙሉ። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው የሆነውን ያውቃል። እሑድ ጀሪካኑ ሲከፈት አፏጨ። አረፋውን ያዩ ሽማግሌዎች በረከት መሰላቸው። ጽዋው ዞረ፤ የተረፈው አይደፋም ተብሎ እንደገና ዞረ። የዚያን ዕለት መዝሙሩ አልቆም አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ አንድ ሽማግሌ ለምስክርነት ተነስተው ከጎረቤታቸው ጋር ስላላቸው የድንበር ክርክር ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። እኔም ራሴን ይዞኝ ዋለ። በዚያ ጉባኤ መካከል ጨዋ ሆነው የዋሉት ሕፃናቱና የታገዱት አቶ ዳልጮ ነበሩ።

በማግስቱ አቶ አጵሎስ በባጃጅ ወደ ሴቻ ወጡ። ወደ ሆቴሉ የገቡት ግን በኩሽናው በኩል ነው። “ወንድም ዳልጮ፣ ይህን ነገር እንዳያሰክር እንዴት ነው የምንይዘው?” ብለው ጠየቁ። እኔ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ በፊት በር ዞረህ ግባ እላቸው ነበር። አቶ ዳልጮ ግን ዘቢቡ ተፍልቶ፣ ተጠልሎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ በዚያው ጧት መቅረብ እንዳለበት አሳዩአቸው፤ ቆይቶም ሥራውን ራሳቸው ያዙት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከታመሙ ድረስ በጌታ እራት የጠጣነውን ሁሉ ያዘጋጁት አቶ ዳልጮ ኦይታ ናቸው። በዚያው የኮክቴል መበጥበጫ፣ በዚያው የሆቴል በረዶ እያቀዘቀዙ በፔርሙስ ሞልተው በቤተ ክርስቲያናችን የጓሮ በር ያስገቡት ነበር። ቀጥለው በፊት ለፊቱ በር ዞረው ይገቡና ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። በእጃቸው የሠሩት ጽዋ ሲደርሳቸውም እንደ ልማዳቸው ያሳልፉታል።

እገዳው አልተነሳም። አቶ አጵሎስ ለማንም እንዳይነገር አደራ ስላሏቸው እሳቸውም ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። እኔ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ከትንሣኤ በፊት በአልጋቸው ላይ ሆነው “ዘንድሮ የሚያዘጋጅላቸው የለም፣ አንቺ አፍልተሽ ውሰጂላቸው” ብለው ላኩኝ። አልወሰድኩላቸውም። በበዓሉ ዕለት ጽዋው ውስጥ የነበረው ቀይ ለስላሳ ጋዙ አፍንጫችሁን የነደፋችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

አቶ ዳልጮ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ታመሙ። የመረመሯቸው ሐኪሞች የጉበት ቫይረስ መሆኑንና ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ ነግረውናል። በከተማው ግን መጠጥ ጉበቱን በላው ተብሎ ተወራ። ወሬውን በዋናነት ያዛመቱት መጠጡን ከእጃቸው ሲቀበሉ የኖሩት ናቸው። አቶ ዳልጮ ወሬውን ሰምተው ዝም አሉ። እኔ ዝም አላልኩም፤ አሁንም አልልም። በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እናታቸው ወ/ሮ ወለቴ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ምኞት፣ ልጃቸው ሐሴትና እኔ ቀርተናል።

ወ/ሮ ምኞት ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንብበውታል። ባለቤታቸው በጌታ እራት እሑዶች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የሚሄዱት ለሆቴሉ ቁርስ ይመስላቸው ነበር። የፔርሙሱ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ብዙ አለቀሱ። አንዲት ቃል እንዳልሰርዝ ነግረውኝ “የሚሄዱ ይሂዱ” ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ ጸሎቱ ለቀሪ ቤተሰብ ነው። ይህን ለሴቶች ኅብረት ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄደው ከሆነ የሚከለክለኝ የለም፤ ካልሄዱም ቆመው ይስሙ።

ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ ዳልጮ መጣልህ። ማዕድህን በጓሮ በር ሲያሰናዳ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አልቀረበም። እሱ እንደሆነ አፍ አውጥቶ አይጠይቅህም፤ አውቀዋለሁ፣ እዚያም ከኋላ ፈልጎ ይቀመጣል። ካለበት ፈልገህ አግኘውና በገዛ እጅህ አጠጣው። አሜን።