ከእባቦቹ ክፍል ለኦልዳ

ውድ ኦልዳ፣

ይህን የምጽፍልህ ከእባቦቹ ክፍል፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ በር አጠገብ ያለፍኩት በሩጫ ነው። አሁንም እፈራቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን ከእነሱ ይልቅ የምፈራው አንተን ነው። ሐሙስ ከማገገሚያው ትወጣለህ። ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ሐኪምህ ንግግሩ ገና ቢሆንም ማንበቡ ደህና ነው ብላኛለች። እባክህ ብቻህን ሆነህ፣ ቀስ ብለህ አንብበው።

ከሚያዝያ ልጀምር። ስትሮኩ ከጣለህ ሦስተኛ ሳምንትህ ነበር። ወረቀት በምልክት ጠየቅህና በግራ እጅህ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየተንገዳገድክ ጻፍክ፦ «ቶንካን አብያት። ጠብቂ። ፔፒክን አስገቢላት።» እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። ሞት ደጅ ደርሶ የተመለሰ ሰው ለሚስቱ የሚጽፈው ይሄ ነው? ብዬ። ከዚያ ዓይንህን አየሁት። እነዚያ አስራ አንድ የቶንካ እንቁላሎች ከሞቱ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ «እጄ አይባረክም» እያልክ ሁለቱን እባቦች አላገናኘሃቸውም። ዘንድሮ ገና ድፍረት አግኝተህ ክረምቱን ለእርባታ ምድር ቤት አቀዝቅዘሃቸው፣ መጋቢት ላይ አውጥተህ ማሞቅ እንደጀመርክ ወደቅህ። ቶንካ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህ ጸደይ ካለፋት ሌላ አይኖራትም። ስለዚህ እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁልህ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤታችን ሚሎታ ጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ጫማ ፋብሪካ አብሮህ የሠራ ሰው ይረዳኛል ብዬ።

«እኔ?» አለ በሩን እንደያዘ። «እዚያ ክፍል ከምገባ አማቴ ጋ አንድ ሳምንት ብከርም ይሻለኛል።»

«አማትህ ከሞተች ስንት ዓመቷ?»

«ለዚያ ነዋ የምልሽ።»

ብቻዬን ገባሁ። የምትመግባቸው አይጦች በረዶ ሆነው ከፍሪዘሩ ታችኛው መሳቢያ፣ ከፕሪም ዳቦዎቼ ሥር እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ተጣልተንበታል። በዚያች በተላላጠች ኩባያህ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ አሟሟሁ። የምድጃ ጓንቴን እስከ ክርኔ አጠለቅሁ። በረጅሙ መቆንጠጫ አንድ ሰጠኋት፣ ዋጠች። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። በእያንዳንዱ መቆንጠጫው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። አራተኛው ላይ ፊቷን አዞረች። «ይሄ ዘር እባብ የሚበላ እባብ ነው፤ ሙሽራዋ ሳትጠግብ ከገባ ሙሽራው ምሳ ይሆናል» እያልክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስፈራራበት የነበረው ትዝ አለኝ። ጠግባለች አልኩ። ለፔፒክም በዚያው ጓንት አንድ ትንሽ አይጥ ሰጠሁት። ከዚያ እንዳዘዝከኝ አራት ቀን ጠበቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ያንኑ ጓንት አጥልቄ ፔፒክን አንገቱ አካባቢ ያዝኩትና አስገባሁላት። ጓንቱን አላጠብኩትም ነበር። የአይጥ ሽታ ከእኔ እጅ ወደ እሱ አንገት እንደሚሄድ ማን ይነግረኛል? አንተ ጓንት አጥልቀህ አታውቅም። የምትነካቸው ከእያንዳንዱ መመገብ በኋላ በሳሙና ታጥበህ፣ በባዶ እጅህ ነበር፤ የውሃውን ድምፅ ከበሩ ውጭ ሆኜ እሰማው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄህ አላውቅም።

ለጥቂት ደቂቃ ጀርባዋ ላይ እየተንቀጠቀጠ ተከተላት። ደህና ነው ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ያኔ ምላሷን አውጥታ አንገቱን አሸተተች። ከዚያ ያየሁት አፏ ከጭንቅላቱ ኋላ ሲገጥም ብቻ ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተጠመጠመችበት። እኔ እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ። በአእምሮዬ የነበረው አንተ ያንን ወረቀት ይዘህ «ፔፒክስ?» ስትለኝ ነበር።

«የፕሪም አረቄ ሁሉን ያስለቅቃል፤ ጉንፋንም፣ አማትም፣ ቶንካንም» ትል የለ? ሃያ ስድስት ዓመት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ የሚሎታን በር ደበደብኩ።

«ሚሎታ፣ አረቄ አምጣ።»

«በጠዋቱ? ኧረ ቭላስታ፣ ለማን ነው?»

«ለእባቧ። ቶሎ በል።»

ተከትሎኝ መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርሙሱን በእባቦቹ ክፍል በር ክፍተት አቀበለኝ። በጓንት ቡሹ አልነቀል አለኝ። ጓንቱን አውልቄ ወረወርኩት። በባዶ እጄ፣ ኦልዳ፣ በዚህ ልጥ እንኳ ባየሁ ቁጥር በሚበረግገው እጄ የቶንካን ጭንቅላት ያዝኩ። ቀዝቃዛና እርጥብ ትሆናለች ብዬ ነበር። ደረቅና ለብ ያለች ነች፣ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ቀበቶ። አፏ ጥግ ላይ ሦስት ጠብታ አንጠባጠብኩ። አፏን ከፈተች። ጥቅሏን አንድ በአንድ እየፈታሁ ፔፒክን አወጣሁት። እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ መዳፌ ላይ ተኛ። ብዙ ቆይቶ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፣ ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ሞተ?» አለ ሚሎታ ከውጭ።

«በሕይወት አለ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ለእሱ ያልመለስኩለትን ለአንተ ልመልስ።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እንቁላሎቹ በሞቱበት ነሐሴ፣ ለፕሪም ለቀማ ወንድምህ ጋ አርብ ሄደህ እሁድ ማታ ተመለስክ። ልጃችን ራድካ ነፍሰ ጡር ሆና እኛ ጋ ልትከርም ነበር። እኔ በየሕልሜ አስራ አንድ ትናንሽ እባቦች በበሩ ሥር ሲወጡ፣ የሕፃኑ አልጋ ውስጥ ሲገቡ አይ ነበር። ለአንተ አልነገርኩህም፤ ትስቅብኛለህ ብዬ። የእባብ ልጅ እባብ ነው አልኩ ለራሴ። አንተ እንደወጣህ እጄን ብቻ በበሩ አስገብቼ የእንቁላሉን ማሞቂያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። እሁድ ከሰዓት ወደ ቦታው መለስኩት። ኦልዳ፣ ማሞቂያው አንተ እንዳሰብከው አልተበላሸም ነበር። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ እንቁላሎቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ በመቀስ ከፈትካቸው። ውስጣቸው ያሉት ልጆች ሁሉ መልካቸው ወጥቶ፣ ነጭና ጥቁራቸው ተለይቶ ነበር። እናትህን ከቀበርክ ወዲህ ስታለቅስ ያየሁህ ያን ቀን ነው። «ሳላየው ሄጄ ነው፣ እኔ ነኝ የጨረስኳቸው» አልከኝ። እኔ ሻይ ቀዳሁልህና «የእግዜር ነገር ነው» አልኩህ። የእኔን ኃጢአት ሰባት ዓመት ተሸክመህ ስትዞር ዝም ብዬ አየሁ። መጋቢት ላይ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ስትወድቅ መጀመሪያ የመጣልኝ «ዋጋዬን አገኘሁ» የሚል ነበር፤ አምቡላንስ መጥራት ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህንንም ይቅር በለኝ።

የቀረውን ልንገርህ። ፔፒክን አስር ቀን አሳረፍኩት። ቶንካን እንደገና አጠገብኳት፣ ጠበቅሁ፣ እጄን እስኪላጥ በሳሙና ታጠብኩ፣ እሱንም በለብታ ውሃ አጠብኩት። ከዚያ በባዶ እጄ አስገባሁት። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠርሙሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ሳልነቅል እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምላሷን ባወጣች ቁጥር እጄ ወደ ቡሹ ይሄድ ነበር። ጅራታቸው ተጠላልፎ አራት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። በሰኔ መጀመሪያ ቶንካ ዘጠኝ እንቁላል ጣለች።

አሁን አጠገቤ ናቸው። ሙቀቱ ሃያ ስምንት ነው፤ በየሰዓቱ አያለሁ። ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ የለጠፍኩት ለራሴ እጅ ነው።

ሐሙስ ሚሎታ በመኪናው ይመጣልሃል። ይህን ደብዳቤ አላነበበም፣ አይጠይቅህምም። ራድካ ጋ አልጋ ተነጥፎልሃል፤ ደረጃው ይከብደዋል ብዬ ነው የነገርኳት። «ወዴት ልንዳ?» ሲልህ አንድ ቃል ብቻ ይበቃል። «ራድካ» ካልክ እንቁላሎቹን እስኪፈለፈሉ እጠብቅልሃለሁ፣ አልከተልህም። «ቤት» ካልክም እጠብቅሃለሁ። ሁለቱንም ቃል ጥርት አድርጎ ይላቸዋል ብላኛለች ሐኪምህ።

የእባቦቹን ክፍል በር ከፍታ የምትጠብቅህ፣
ቭላስታ